ሰባቱን ስም ያነበብኩ ቀን

እኛ ባስተማርንበት ዘመን፣ ሐያትዬ፣ የጉለሌ ተማሪ ጨዋ ነበር የሚሉሽን እንዳትሰሚያቸው። ይረብሽ ነበር! አንቺ ማስተማር በጀመርሽ በወርሽ «ጋሼ፣ ዛሬ ከክፍል እያለቀስኩ ወጣሁ» ስትዪኝ እኮ እኔን ነው ያስታወስሽኝ። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ ሦስት ሦስት ሆነው በአንድ ዴስክ ተጣብቀው፣ ታዲያ ፊቴን ወደ ሰሌዳው ሳዞር አፋቸውን ገጥመው «እምምምም...» ይላሉ። ዞር ስል ጸጥ። ጠመኔዬን ሳነሳ ደግሞ «እምምምም...»። ማንን ትይዣለሽ? የማንም አፍ አይንቀሳቀስም!

ታዲያ የክፍሉ አለቃ ወይንሸት የምትባል ልጅ ነበረች። የቀጨኔ ልጅ ናት፣ እናቷ ሸክላ ሠርታ ነው የምታሳድጋት። ቀጭን፣ ድምጿ የማይሰማ፣ ግን ተማሪው ይወዳታል፣ የመረጧትም ራሳቸው ናቸው። እና አንድ ቀን ጠራኋትና «የረባሾቹን ስም ጽፈሽ ነገ ታመጪልኛለሽ» አልኳት።

«ቲቸር፣ እኔ ላናግራቸው፣ ይተዋሉ።»

«አናግሪያቸው አላልኩሽም። ስም ነው ያልኩሽ!»

«ቲቸር፣ እባክዎ...»

እና እኔ ምን አልኩ? አይ እኔ... «ካላመጣሽ የሁሉንም ቅጣት አንቺ ትቀበያለሽ፣ እናትሽንም ይዘሽ ትመጫለሽ» አልኳት። እናቷን ስጠራ ፊቷ ልውጥ ሲል አይቻለሁ። እያየሁ ነው ያልኩት፣ ሰማሽኝ? እያየሁ።

በማግስቱ አመጣች። ሰባት ስም። ወረቀቱን እጥፍጥፍ አድርጋ «ቲቸር፣ እኔ እንደጻፍኩት እንዳይነግሩብኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። በዚህ አፌ እሺ አልኳት።

ታዲያ ክፍል ስገባ «እምምምም» አሉ፣ እኔም ደሜ ፈላ፣ እና ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። አንተ ውጣ፣ አንቺ ውጪ። አንዱ ረጅም ልጅ «ቲቸር፣ እኔ አይደለሁም! ማነው ያለው?» ብሎ ሲጮህብኝ፣ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ «ይኸው! የገዛ አለቃችሁ ናት የጻፈችው!» አልኩ።

ጸጥ አለ። ሐያትዬ፣ እንደዚያ ጸጥ ያለ ክፍል አስተምሬ አላውቅም። እኔማ ያሸነፍኩ መስሎኝ! ወይንሸት ቀና ብላ አየችኝ። አላለቀሰችም፣ አየችኝ ብቻ።

ሰባቱ ሁለት ቀን የግቢውን ሣር አጭደው፣ በሦስተኛው ቀን እየሳቁ ክፍል ገቡ። እሷን ግን ማንም አላናገራትም። አልመቷትም፣ አልሰደቧትም፣ በቃ አላናገሯትም። አብረዋት የሚቀመጡት ሁለቱ ወደ ኋላ ሄዱ፣ እና እሷ በሦስት ሰው ዴስክ ላይ ብቻዋን። አንድ ቀን ቢሮ መጣችና «ቲቸር፣ ሴክሽን ያስቀይሩልኝ» አለችኝ። «ያልፋል፣ ይረሱታል» አልኳት። አንዲት ፊርማ እኮ ናት! አንዲት ፊርማ!

ፋሲካ ሲያልፍ አልተመለሰችም። ስጠይቅ፣ ከእናቷ ጋር ሸክላ ትሠራለች አሉኝ። ቀጨኔ ሩቅ ነው? በእግር ይደረሳል። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል ዓመቱ አለቀ፣ እና ቀረሁ።

አሁን ባለፈው ወር፣ ለደም ግፊቴ ጳውሎስ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበረኝና ስወጣ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንዲት ሴት ዞር ብላ «ቲቸር?» አለችኝ። ዩኒፎርም የለበሰች ልጇን ይዛለች። ፊቷን አላወቅኩትም፣ ድምጿን ነው ያወቅኩት።

«ወይንሸት ነሽ?»

«አወቁኝ?»

ልጇ እየሰማች ነው፣ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የያዝኩት ነው፣ አላስችል አለኝ። «ልጄ፣ ይቅር በይኝ፣ ስምሽን መጥራት አልነበረብኝም» አልኳት።

ቀስ ብላ፣ ያለ ቁጣ፣ «ቲቸር፣ መጻፉንማ ጽፌያለሁ። ግን አስገድጃት ነው ብለው ለምን አልነገሯቸውም?» አለችኝ።

ታያለሽ? እኔ ስንት ዓመት ሙሉ የምጸጸተው ስሟን በመጥራቴ ነበር። ይኼኛው አንድ ቀን እንኳ በሐሳቤ መጥቶ አያውቅም።

— እና ጋሼ፣ ምን ብለው መለሱላት?

ታክሲው መጣ። ተራው የሷና የልጇ ነበር፣ «እርስዎ ይቅደሙ» አለችኝ፣ እና ገባሁ።