የእሁዱ በረኛ

ከማርቆስ ወደ ጉንደ ወይን በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ የተቀመጠ ወጣት አጠገቡ ላሉ ሽማግሌ ስልኩን ያሳያል።

"የወረዳችን ቡድን የእሁዱ ጨዋታ ማስታወቂያ ፌስቡክ ላይ ወጣ፣ አባባ። ከነተሰላፊዎቹ ፎቶ!"

"እኔ ኳስ አላውቅም። ዲማ ቅኔ ለሚማር ልጄ በሶ ላደርስ ነው።"

"ይዩማ፣ ይሄ በረኛችን ነው።"

"ቆይ... ይሄ ይበልጣል ነው እንዴ?"

"ያውቁታል እንዴ?"

"ልጄ ነዋ! የማንን በር ነው የሚጠብቅ?"

"የጎሉን ነዋ። ሁለት ዓመቱ እኮ ነው።"

"ሁለት ዓመት! በሰው በሰው የላክሁለትን በሶ ታዲያ ማን በላው?"

"ኧረ... ከልምምድ በኋላ ለሁላችንም ይበጠብጥልን ነበር።"

"በስመ አብ! እናንተ ናችሁ?"

"ይቅር ይበሉን፣ አባባ።"

"ጨዋታው በስንት ሰዓት ነው አልህ?"

"እሁድ፣ ዘጠኝ ሰዓት።"

እኔም ወደ ኋላ ሳልዞር እሁድ ዘጠኝ ሰዓትን በልቤ ያዝኩ።