የመላጫው መስታወት

«እትዬ ሱልጣና፣ የአዳይቱ ዝንብ ዛሬ ምን ነካው? ስኳሩን ትቶ ሰው መርጦ ያርፋል እኮ!»

ረዲ በርጩማውን ወደ በሩ ጥላ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ሱልጣና አጠገቡ ጎንበስ ብላ ብርጭቆ ታጥባለች፤ እሱ ግን የሚያወራው ወንዝ ማዶ ላለ ሰው ይመስል ነበር። ግድግዳው ሥር ባለው ጠረጴዛ ሁለት ሰዎች ሻይ ይዘዋል። አንደኛው የአዲሱ ክሊኒክ ግንባታ ኃላፊ ነው። ሌላው ጠዋት በላንድሮቨር ከአዋሽ ከተማ የመጣ መርማሪ ነው፤ ክሊኒኩን ዞሮ አይቶ ጨርሷል፣ ሻዩን ጠጥቶ ሪፖርቱን ሊፈርም ነው። ከፈረመ ደግሞ ግንበኛው ሀብተ ሥላሴ ከቀበሌው እስር ቤት ወጥቶ በአሻጥር ተከሶ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። የክሊኒኩ የኮንክሪት ወለል በወንዙ በኩል ተሰንጥቆ ማዕዘኑ ሰምጧልና።

ረዲ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ ሚሌ ላይ የጭነት መኪና ሲያጥብ የግንበኛ ማንኪያ ያስያዘው ይኸው ሀብተ ሥላሴ ነው። በግልጽ ልናገርለት ቢል ዛሬውኑ አጠገቡ ታስሮ እንደሚያድር ያውቃል። ስለዚህ ስለ አየሩ ቀጠለ።

«ደግነቱ ወንዙ ጎደለ። ነሐሴ ላይ ትዝ ይልሻል? አዋሽ ጓሮሽ ድረስ መጥቶ ዶሮዎችሽ ጣራ ላይ አደሩ። መሬቱን በእጅሽ ጫር ስታደርጊው ውሃ ነው። አሸዋው እግርሽን ከያዘ አይለቅሽም… እንግዲህ ያን ጊዜ ነው እኒያ የተባረኩ ሰው ‹ኮንክሪቱ ዛሬ ይፈሳል!› ያሉት። ማሻአላህ! ወኔ ይሉሻል ይኼ ነው። ጋሽ ሀብተ ሥላሴማ ምን ወኔ አለው? ‹ውሃው ይውረድ፤ እርጥቡን አሸዋ አውጥተን ድንጋይና ገረጋንቲ እንጠቅጥቅበት› እያለ ይለማመጣል። እሳቸው ግን የአብዮት በዓል መስከረም ሁለት ነው፣ አዋሽ ነው እንዴ ለበዓል ቀን የሚቆርጥልን አሉ። እውነታቸውን እኮ ነው! ጥፋቱ የወንዙ ነው። ስብሰባው ላይ አልተገኘ፤ ውሳኔውን ከየት ይስማው?»

ሱልጣና ቀና ሳትል ከንፈሯን ነከሰች። ከጠረጴዛው በኩል ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ እያለ ይዞራል።

«አፈሰስነው፣ ደረሰ። ሪባን ተቆረጠ፣ እኔም መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ከዚያ ወለሉ ትንሽ ፈገግ አለ… ደስታ አይደል? ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ግን ደስታ የማይገባው ሟርተኛ ነው። ‹ማዕዘኑ ይሰበር፣ ውሃው በቦይ ይውጣ፣ ሥሩ በድንጋይ ተሞልቶ እንደገና ይፍሰስ› ብሎ ድርቅ! እሳቸው ጨዋ ናቸው፤ የማንንም ገመና አይገልጡም፣ የወለልም ቢሆን። ስንጥቁን ሲሚንቶ በጥብጠው ቀባ ቀባ አደረጉት። ሲያምርበት ብታዪ! ተኳኩላ ሚዜዎቿን የምትጠብቅ ሙሽራ ነበር የሚመስለው። ምን ዋጋ አለው… ሙሽራዋ በሳምንቱ በአንድ ጎኗ ተቀመጠች።»

ከኃላፊው በኩል ሳል ተሰማ። ረዲ ወደዚያ አላየም።

«ይልቅ ይህን መስታወትሽን አትለውጪውም? እንግዳ እጁን ታጥቦ ቀና ሲል ግማሽ ፊት ብቻ ነው የሚያገኘው።»

ከመታጠቢያው በላይ በሚስማር የተንጠለጠለው ትንሽ የፊት መስታወት አንድ ጎኑ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። መርማሪው ቅድም እጁን ሲታጠብ ጉንጩን ፍለጋ አንገቱን ሲያዘነብል ረዲ አይቶታል።

«ውይ፣ ረሳሁት! የጋሽ ሀብተ ሥላሴ የመላጫ መስታወት ነው ለካ፤ አደራ ብሎ የተወብሽ። ጎኑን የቆረጠው ለዚያ ስንጥቅ ነበር። የግንበኛ ነገር፤ ስንጥቁ ላይ ቀጭን መስታወት ያጋድምና ግራና ቀኙን በጄሶ ይለጥፈዋል። መሬቱ ከሥር ገና እየሰመጠ ከሆነ መስታወቱ ይሰበራል፤ መሬቱ ከተኛ ደኅና ይከርማል። ሲለጥፈው አጠገቡ ነበርኩ። ጎንበስ ብዬ ይህን ግንባሬ ላይ ያለውን ቡግር አየሁበት… አስቀያሚ ነገር።

«እሱ በታሰረ ማግስት ጠዋት ብሄድ መስታወቱ ለሁለት ተሰብሯል። መሬቱ አልተኛም ማለት ነው። የታሰረ ሰው ደግሞ መሬት አያሰምጥም፣ አይደል? ወደ ማታ ተመልሼ ሳየው ግን… ሱብሃነላህ! ድኗል። ሰባራ መስታወት ሲገጥም አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ በዓይኔ አየሁ። ጄሶው ገና እርጥብ ነበር፤ ቁስሉ ስላልደረቀ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ገረመኝ። ጎንበስ ብል ቡግሬ የለም። ፊቴም የለም። መስታወቱን አልፎ ስንጥቁ ብቻ ነው የሚታየኝ። ከበሽታው ሲድን ሰው መለየት አቆመ መሰለኝ…

«አሁን እንግዲህ መስታወቱ ደኅና ነው፣ ስለዚህ መሬቱም ደኅና ነው፣ ጥፋቱ የግንበኛው እጅ ነው እየተባለ ነው። ታዲያ ልክ አይደለም? መስታወት ይዋሻል እንዴ?»

የሚዞረው ማንኪያ ቆመ። ረዲ አንገቱ ላይ እጅ የሚያርፍ መሰለው። ግን ከጀመረ በኋላ መተው ደግሞ አይሆንም።

«ተይው እሱን። ስለ ንፋስ ላጫውትሽ። በአዳይቱ የመስታወት መስኮት ያለው ቤት አንድ ነው። የማን እንደሆነ አልነግርሽም፤ ሐሜት ሐራም ነው። ትናንት በደጁ ሳልፍ አንዱ መስኮት መስታወቱ ወልቆ በካርቶን ተደፍኗል። ንፋስ ነው ይላሉ። እንዴት ያለ ጨዋ ንፋስ ነው ግን! ሳይሰብር፣ ማጣበቂያውን ዙሪያውን ፍቆ፣ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቅሎ፣ መስታወቱን ተሸክሞ ሄደ። አሳዘኑኝ፣ ወላሂ! ሌላው ለክሊኒኩ ላቡን ሰጠ፤ እኒያ የዋህ ደግሞ መስኮታቸውን…»

መርማሪው ተነሳ።

ሱልጣና እጇን ውሃው ውስጥ እንደከተተች ቀረች። ሰውየው ወደ መታጠቢያው ሄዶ መስታወቱን ከሚስማሩ ላይ አነሳው። ፊቱን አየበት። ገልብጦ ብርማ ጀርባውን አየ፣ የተቆረጠውን ጎን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ። ወደ ላንድሮቨሩ አልሄደም፤ በእግሩ ወደ ክሊኒኩ ነው የታጠፈው። ኃላፊው ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ ረስቶ፣ «ጓድ! ጓድ!» እያለ ተከተለው።

ረዲ ከበርጩማው ብድግ ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ድምፁ ማር ነበር። ሁለት መዳፉን ዘረጋ።

«እትዬ ሱልጣና፣ እኒያን ቸር ሰው ሳንመርቃቸው ሊሄዱ ነው፤ አሚን በይ እንጂ! ለእኛ ሲለፉ ለራሳቸው ሳይሠሩ ቀሩ። አላህ የራሳቸውን አዲስ ቤት ይስጣቸው። ከወንዝ ዳር፣ ለም አሸዋ ላይ ይስጣቸው። በክፉ ግንበኛ እጅ አይጣላቸው፤ ልክ እንደ ክሊኒካችን ራሳቸው አዘው፣ በነሐሴ ያፍስሱት። ልጆቻቸውንም እዚያው ወለል ላይ አስተኝተው ያሳድጉ።»