ፈቃዱ ቶሎ መጣ

(በባዕድ አገር፣ በሰላም አስከባሪ ጦር አየር ማረፊያ፤ ቀትር ላይ የሄሊኮፕተር አብራሪው ሻለቃ ዋቅጅራ የጦሩ የፖለቲካ አማካሪ አምባሳደር አሰግድ ቢሮ በር ላይ ቆሟል።)

ዋቅጅራ፦ ጄቶቹን ያስመልሷቸው ነው የምልዎት።

አሰግድ፦ ሊደበድቡ ተነስተዋል እኮ፣ ሻለቃ። ከአየር የተነሳውን ፎቶ አንተም አይተኸዋል። ወንዙ ዳር ሰው ተሰብስቧል፣ ረጃጅም ነገር ተሸክሟል። መንደሩን የፈጁት ታጣቂዎች ናቸው።

ዋቅጅራ፦ የዳስ ቋሚ ነው የተሸከሙት። ዛሬ አርባቸው ነው።

አሰግድ፦ የማን?

ዋቅጅራ፦ የማን ይሆናል? ፈቃድ ስንጠብቅ ያለቁት የመንደሩ ሰዎች ናቸዋ። እዚህም እንደኛ ተዝካር ይወጣል። የመንደሩ ሽማግሌ «አንተም ና» ብለውኛል፤ አብሬያቸው ነው የቀበርኩት።

አሰግድ፦ ያን ቀን ስልኩን ይዤ የቀረሁት እኔ ነኝ። አሁንም ሳይጮህ ይጮህብኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉን፤ እውነታቸውን ነው። ሁሉም ካልፈቀዱ የሚለውን አሠራር ለምኜ ያስለወጥኩት ለዚህ ነው። አሁን ጄቶቹን ከሚያዙት የባሕር ማዶ ሚኒስትሮች አንዱ እሺ ካለ ይበቃል። ዛሬ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ መለሱልኝ።

ዋቅጅራ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ይሄ ግን ከፈሰሰ አይለቀምም። ይደውሉና ያስቁሙት።

አሰግድ፦ አንድ ሰው የሚበቃው ለመፍቀድ ነው። ለመሻር ሁሉም መሰብሰብ አለባቸው። ያኔ መሻርን ማን አሰበው? እኔም አላሰብኩት። አሁን ብደውል «ከምሳ በኋላ» ነው የሚሉኝ።

ዋቅጅራ፦ የጄቶቹን አብራሪዎች በሬዲዮ ለመንኳቸው። ከበላይ ካልታዘዝን አሉኝ።

አሰግድ፦ እንግዲህ ምን ቀረን?

ዋቅጅራ፦ ወንዙ ከጄቶቹ ይልቅ ለኛ ይቀርባል። ሄጄ መሀላቸው አርፋለሁ። የራሳቸውን ወገን ሄሊኮፕተር አይመቱም።

አሰግድ፦ ከዚያ ከፍታ ባያዩህስ?

ዋቅጅራ፦ ተዝካር ተጠርቼ የለ?

አሰግድ፦ አብደሃል።

ዋቅጅራ፦ እንቅልፍ ነው ያጣሁት። ዓይኔን ስጨፍን ያን ቀን ሬሳዋን ከጉድጓድ ያወጣሁት ልጅ ትመጣለች። ትኩር ብላ ታየኛለች። ዛሬ እናቷ እዚያ ዳስ ውስጥ ናት። ፈራሁ፣ አምባሳደር። ግን እሄዳለሁ።

አሰግድ፦ ቆይ፣ ኮቴን ላንሳ።

ዋቅጅራ፦ እርስዎ እዚያ ምን ያደርጋሉ?

አሰግድ፦ ስንነሳ ለሚኒስትሮቹ በሬዲዮ አስነግር፤ አምባሳደሩ ዳሱ ውስጥ ነው በል። ለመንደርተኞቹ ባይቸኩሉ ለእኔ ይቸኩላሉ።