በኀዘን ኮቴ ኪስ ውስጥ የነበሩት ሁለት ላሜራዎች

ክቡራትና ክቡራን፣ የማተሚያ ቤታችን ሰዎች፤

ስለ ምሳ ግብዣው፣ ስለ መንሰፉ አመሰግናለሁ። ሥጋው ትንሽ ጠንከር ብሏል፤ እኔም ጠንካራ ነኝ፣ ተስማምተናል። ዋሲፍ፣ ሥራ አስቁመህ ሁሉንም ስለሰበሰብክልኝ አላህ ይስጥልኝ። ሱሃድ ልጄ፣ ይህን የመሰናበቻ የመስታወት ሰሌዳ ነድፈሽ ስላሠራሽልኝም እጅሽ ይባረክ።

ቆይ፣ ቆይ። ከጀርባ ማሽን ይሰማኛል። ማነው አጠገቡ የቆመው? ማንም? ሥራ ቆሟል አልተባለም እንዴ? አንዳችሁ ሂዱና አጥፉት። እጠብቃለሁ።

እሺ። አሁን መናገር እችላለሁ።

ለማታውቁኝ አዲሶች ልንገራችሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እዚህ አማን ውስጥ የሱቅ ስም በብሩሽ እጽፍ ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ ማተሚያ ሲመጣ፣ የዋሲፍ አባት፣ የያኔው የቤቱ ባለቤት ሐጅ ተውፊቅ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «አቡ ሚስባህ፣ ወይ ይህን ትማራለህ፣ ወይ ብሩሽህን ይዘህ ትሄዳለህ» አሉኝ። መመሪያው በማላውቀው ቋንቋ ነበር። ሥዕሉን እያየሁ ተማርኩ። አንዱን ሥዕል ገልብጬ ይዤው ሦስት ቀን እንደለፋሁ ዛሬ ነው የምናዘዘው።

ሥዕሉ ያላስተማረኝን ማሽኑ አስተማረኝ። ቀለም የሚረጨው ሄድ ከሚታተምበት ስቲከር በላይ የሚያልፈው ከሁለት ሚሊሜትር ባነሰ ክፍተት ነው። ስቲከሩ ጫፉን ትንሽ ካነሣ ሄዱን ይመታዋል። ሄድ አንዴ ከተመታ ደግሞ ልመና አይሰማም።

ስለዚህ ጮኽኩባችሁ። የስቲከሩ ጥቅል ከቀዝቃዛው መጋዘን እንደወጣ ማሽኑ ላይ አይሰቀልም፤ ክፍሉን እስኪለምድ አንድ ቀን ቆሞ ይደር አልኩ። እኛ እንግዳን ሦስት ቀን ሳይሞላ «ጉዳይህ ምንድን ነው?» አንለውም፤ ለጥቅል አንድ ቀን መታገሥ እንዴት ያቅታችኋል? ጠርዙን በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱት አልኩ። ማሞቂያውን አታግሉት አልኩ። የመጀመሪያው ሜትር እስኪያልፍ እናታችሁም ብትደውል ስልክ አታንሡ አልኩ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ላሜራዎቹን። ከመዳፍ ብዙም የማይበልጡት፣ የስቲከሩን ግራና ቀኝ ጠርዝ ተጭነው የሚይዙት ሁለቱ ቀጫጭን ብረቶች በፍጹም አይነሡም። «አጎቴ፣ ላሜራው ነጭ ጠርዝ ያስቀራል፤ ደንበኛው እስከ ጠርዙ ይታተምልኝ ብሏል» ትሉኛላችሁ። ደንበኛው ሄዱን ይገዛላችኋል?

እንግዲህ ወደ ሰሌዳው ልምጣ። «በሃያ ስድስት ዓመት አንድም ሄድ ያላስመታ» ይላል። ሱሃድ፣ ፊደሉ ያምራል። ነገሩ ግን ውሸት ነው። አንድ አስመትቻለሁ። ጥፋቱን የተሸከመልኝ ሙንጂድ ነው።

ሙንጂድ አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። ከስድስት ዓመት በፊት በእኔ ቃል ከዚህ ቤት ተባረረ። የሆነው እንዲህ ነው።

ሐጅ ተውፊቅ ባረፉ ማግስት ጧት፣ ለቅሶው ደጃፍ የሚቆመውን ፎቶአቸውን ያተምኩት እኔ ነኝ። ነጭ ጠርዝ ለእሳቸው አነሰብኝ። ፎቶው ዳር እስከ ዳር ይሁን ብዬ ላሜራዎቹን በገዛ እጄ አነሣሁ። የኀዘን ኮቴን ለብሼ ነበር፤ የውስጥ ኪሴ ከተትኳቸው። ፎቶው በደህና ወጣ። ተሸክሜው እያለቀስኩ ሄድኩ። ላሜራዎቹን ረሳኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ተረኛው ሙንጂድ ነበር። ለመድኃኒት ቤት መስኮት የሚለጠፍ አስቸኳይ ሥራ ነበረው። ላሜራዎቹን ፈልጎ አጣ። ለቅሶ ላይ ስለነበርኩ ሊደውልልኝ አፈረ። ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር አያያዘው። ማሞቂያው ሲግል ፕላስተሩ ለቀቀ፣ ስቲከሩ ተነሣ፣ ሄዱ ተመታ።

በማግስቱ ነባሮቹ ሁላችሁም ባላችሁበት ጠየቅሁት።

«ላሜራዎቹ የት አሉ?»

«አጎቴ፣ ስገባ አልነበሩም።»

«በዚህ ቤት ላሜራ የሚያነሣ የለም!»

«ወላሂ አልነበሩም። መሳቢያውን ሁሉ ፈልጌያለሁ።»

«ለጠርዝ ብለህ አነሣሃቸው፤ ሲበላሽብህ ደበቅሃቸው። የሚያጠፋ ሰው ይማራል። ከውሸታም ጋር ግን አልሠራም።»

ዋሲፍ፣ አባትህን ገና መቅበርህ ነበር። «አንተ ካልክ አለቀ» አልከኝ። አለቀም። ሌሎች ማተሚያ ቤቶች ስለ እሱ ሲጠይቁኝ «እጁ ይሠራል፣ ምላሱ ይዋሻል» አልኳቸው። ማንም አልቀጠረውም። ለፕላስቲክ ጥቅል አንድ ቀን የምሰጥ ሰው፣ ለሙንጂድ አንድ ደቂቃ አልሰጠሁትም።

ሁለት ወር ሳይሞላ እናቱ አረፉ። ቂም እንደሌለኝ ላሳየው ብዬ ለቅሶ ሄድኩ። ትዕቢቴን አያችሁት? ይቅር ባዩ እኔ! ያን ኮት ከሐጅ ተውፊቅ ለቅሶ ወዲህ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ መልበሴ ነበር። በተርታ የቆሙትን ዘመዶች እየጨበጥኩ ሳልፍ የሟቿ ወንድም እጄን ያዘኝ።

«አቡ ሚስባህ፣ እኅቴ እኮ እስከ መጨረሻዋ ‹እውነቱ ሲወጣ አቡ ሚስባህ ራሱ መጥቶ ልጄን ወደ ሥራው ይመልሰዋል› ትል ነበር» አለኝ።

እንባዬን ልጠርግ ብዬ፣ መሐረብ ፍለጋ እጄን የውስጥ ኪሴ ከተትኩ። ብረት ነካሁ።

ቀጥሎ የቆመው ሙንጂድ ነበር። አቀፈኝ። ላሜራዎቹ በእኔና በእሱ ደረት መካከል ነበሩ። ምንም አልተናገርኩም።

ለምን? ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ። ነገው ሲበዛ ዝምታዬ ከጥፋቴ ባሰ፤ የባሰውን መናገር ደግሞ ይበልጥ ከበደኝ። ይህ ምክንያት አይደለም። ምክንያት የለኝም። እነዚህ ናቸው፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳቸው። እዩዋቸው።

ባለፈው ዓርብ፣ ሙንጂድ ታክሲ ከሚነዳበት ሄጄ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ነገርኩት። መኪናውን ዳር ይዞ አቆመ።

«እናቴ ሳትሰማው?» አለ።

«ሳይሰሙት።»

«አሁን ይቅርታ እየጠየቁኝ ነው?»

«አዎ።»

«አጎቴ፣ ውሸታም ያሉኝ በሰው ሁሉ ፊት ነው። ይቅርታው መኪና ውስጥ ሆነ?»

«ሐሙስ ይሸኙኛል። ና፣ እዚያ እናገራለሁ።»

«እኔማ ድሮም አውቀዋለሁ። ምን ልሰማ እመጣለሁ? የማያውቁት ይስሙ።»

«ዋሲፍን ልለምንልህ፤ የእኔን ቦታ ያዝ።»

«የዚያ ማሽን ድምፅ በሕልሜም ይበቃኛል። አሁን ይውረዱልኝ፣ ተሳፋሪ አለኝ።»

ተሳፋሪ አልነበረውም። ወረድኩ።

ስለዚህ ስሙኝ። ሙንጂድ አልዋሸም። ላሜራዎቹን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሄዱን ያስመታሁት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት የዋሸሁትም እኔ ነኝ። ሰሌዳውን አልወስድም፤ ሱሃድ፣ አትቀየሚኝ። ስሙን ላጠፋሁባቸው ማተሚያ ቤቶች ሁሉ በእግሬ እየሄድኩ ነው፤ ሦስት ይቀሩኛል። እናንተም በየቤታችሁ፣ በየሰፈራችሁ ስለ እሱ ያወራችሁትን አርሙልኝ። ሌላ ስጦታ አልፈልግም።

አላህ ዓይናችሁንና እጃችሁን ይጠብቅ። እንጀራችሁ አይቋረጥ። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። እናንተም አንድ ቀን አለቃ ትሆናላችሁ፤ ሰውም ትበድላላችሁ። ያን ጊዜ፣ የበደላችሁት ሰው እናት በሕይወት ሳለች «ተሳስቻለሁ» የምትሉበት አንደበት ይስጣችሁ።

በሰላም ዋሉ።