ጋሽ ዜሮና ኮርቻ የሌላት ብስክሌት

ለቅሶ ላይ መሳቅ ነውር መሆኑን ይህን የሕይወት ታሪክ የምታነበው የሟቹ ታናሽ እህት አታጣውም፤ ግን ጋሽ ዜሮን እያነሱ ሳቅን ማፈን ከአቅሟ በላይ ሆኖባት ነውና ይቅር በሏት፤ ዋናው የሚያስቀው ደግሞ ገና መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ጋሽ ዜሮ ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከሒሳብ አስተማሪ አባታቸው ከሰባ አንድ ዓመት በፊት ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እንደ ምንም ከተማሩ በኋላ፣ ልባቸው ከደብተር ይልቅ ወደ ጎማ ስላደላ፣ ብስክሌት ጥገና ለምደው የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ።

አንድ ቀን ኮርቻ የሌላት ብስክሌት ፍሬኗ እንዲሠራ መጣችላቸው። እሳቸውም ኮርቻዋ የጠፋ መስሏቸው፣ ደግነታቸው አያልቅምና፣ አዲስ ገጠሙላት። ባለቤቱ ሲያይ በሳቅ ፈረሰ። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ማን ይቀመጣል? ቆሞ ነው የሚነዳው!» አላቸውና በድንጋይ፣ በግንድና በበርሜል ላይ እየዘለለ አሳያቸው። ለካ በዚህ ስፖርት መፍጠን አይደለም ቁም ነገሩ፤ እግር መሬት ሳይነካ መሰናክሉን ማለፍ ነው። በነካ ቁጥር አንድ ነጥብ ይያዝበታል፤ ትንሽ ነጥብ ያለው ያሸንፋል። ጋሽ ዜሮ በዚያው በስፖርቱ ፍቅር ተይዘው ቀሩ። በመጀመሪያው ውድድራቸው «ዜሮ አመጣሁ!» እያሉ ቤት ሲገቡ፣ አባታቸው «ምን አዲስ ነገር አለው? ተማሪ ቤትም ያው ነበርክ» በማለታቸው ስሙ ወጣላቸው።

ክንዳቸው ተሰብሮ ጀሶ ካሰረችላቸው ነርስ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ልጅቷም እንደ ፍየል ድንጋይ ላይ የምትዘል ሆነች። በትልቁ ውድድር፣ በመጨረሻው መሰናክል፣ ዳኛው አባቷ ነበሩ። ከእሳቸው በቀር ማንም ሳያይ የጫማዋ ጫፍ መሬት ነካ፤ ጣታቸውን አንሥተው «ነክቷል፤ አንድ» አሉ። «ኧረ አባዬ፣ አልነካም!» ብላ ብታለቅስም ዋንጫው በዚያች ነጥብ ለሌላ ሄደ። እሷም ተቀይማ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች፤ አራት ዓመት ሙሉ ለእናቷ ብቻ ስትደውል፣ ጋሽ ዜሮ መፍቻ እንደ ያዙ ፈዘው «ዓይኔ አታሎኝ ቢሆንስ?» ይሉ ነበር።

ልባቸው ታሞ አልጋ ከያዙ በኋላ፣ ባለፈው ሐሙስ ልጃቸው መጣች። አልጋው አጠገብ ቆማ፣ «አባዬ፣ ነክቶ ነበር። ያኔም አውቀው ነበር» አለች። እፎይ! ቤቱ በሙሉ ተነፈሰ። ጋሽ ዜሮም እሑድ ጠዋት፣ ምንም ሳያማቸው፣ እንቅልፍ ላይ እንዳሉ ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ይህቺን አፈኛ እህታቸውንና ኮርቻ በሌላት ብስክሌት መዝለል ያስተማሯቸውን ሁሉ ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ መሰናክል በሌለበት ሜዳ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።

የተባለው ሳቅ ይኸው። ሐሙስ ዕለት ከታረቁ በኋላ ትራስ ተደግፈው ሊቀመጡ ሲሞክሩ፣ አንድ እግራቸው ከአልጋው ተንሸራቶ ወለሉን ነካ። ልጅት እንባዋን ሳትጠርግ አንድ ጣቷን አነሣች። ሊከራከሩ ነው ብለን ስንጠብቅ፣ እግራቸውን አዩት፣ እሷን አዩና፣

«ነክቷል ልጄ፤ ጻፊው!» አሉ።