ለሦስት ሰው የሚሆን ጨዋታ

(ደሴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤ በቅርቡ ጡረታ የወጡት የሂሳብ መምህርና የዲሲፕሊን ኃላፊ አቶ አስፋቸው ከቀድሞ ተማሪያቸው ከሰዓዳ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገብተው፣ አንድ የካርድ ጨዋታ ሳጥን በሁለት እጃቸው ይዘው አልለቅም ብለዋል።)

አስፋቸው፦ እንዴት ያለ ነጋዴ ነው ደንበኛውን አትግዛ ብሎ የሚያባርር?

ሰዓዳ፦ ኧረ አላባረርኩም ቲቸር! አይስማማዎትም ነው ያልኩት።

አስፋቸው፦ ጫማ ነው እንዴ፣ የሚጠበኝ?

ሰዓዳ፦ ከጫማም ይብሳል። አንዱ ጨዋታ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ሕጉ ብዙ ነው። ነገሩ ሁሉ ደግሞ ሰማይ ላይ ነው። መርከቡም፣ ፕላኔቱም፣ ጦርነቱም። እርስዎ ከዳማ ሌላ ጨዋታ ሲነኩ አይቼ አላውቅም።

አስፋቸው፦ ዳማም ጭንቅላት ይፈልጋል። ሠላሳ አራት ዓመት ሂሳብ ያስተማርኩ ሰው የወረቀት መርከብ ያቅተኛል?

ሰዓዳ፦ ሂሳቡማ አያቅትዎትም። እሺ፣ ለገዢ የማቀርባቸው ጥያቄዎች አሉኝ። ይመልሱና እንይ።

አስፋቸው፦ ፈተና መሆኑ ነው?

ሰዓዳ፦ ድሮ እርስዎ አስጨንቀውናል። ዛሬ ተራው የኔ ነው።

አስፋቸው፦ ጠይቂ እሺ።

ሰዓዳ፦ ትዕግሥት አለዎት? ሌላው ሰው እያሰበ ሳይቆጡ መጠበቅ?

አስፋቸው፦ ድሮ አልነበረኝም። አሁን ከሱ ሌላ ምን ቀረኝ ብለሽ ነው?

ሰዓዳ፦ መሸነፍስ ይችላሉ?

አስፋቸው፦ በማን?

ሰዓዳ፦ ይኸው! «በማን» የሚል ሰው አይችልም።

አስፋቸው፦ እችላለሁ ብለሽ ያዥልኝ። ቀጥይ።

ሰዓዳ፦ ያዩትን ነገር ሳያጣሩ ይፈርዳሉ?

አስፋቸው፦ ይሄንን ገዢውን ሁሉ ትጠይቂያለሽ?

ሰዓዳ፦ ሁሉንም አይደለም።

አስፋቸው፦ እንግዲያው ለምን እንደመጣሁ ገብቶሻል። ቆይ፣ ከኪሴ ላውጣት። ይህቺን ታውቂያታለሽ?

ሰዓዳ፦ ኧረ በአላህ! ከየት አመጧት?

አስፋቸው፦ ባለፈው ወር ቢሮዬን ሳስረክብ ከዲሲፕሊን ፋይል ውስጥ ወደቀች። ለማስረጃ ብዬ ያስቀረኋት ካርድ ናት።

ሰዓዳ፦ ሌሎቹንማ አቃጥለዋቸዋል።

አስፋቸው፦ ሰልፍ ላይ። ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ እያየ፣ በቆሻሻ በርሜል ውስጥ። ክብሪቱንም የጫርኩት ራሴ ነኝ።

ሰዓዳ፦ አውቃለሁ። ነበርኩ።

አስፋቸው፦ ቁማር መስሎኝ ነው ሰዓዳ። ከላቦራቶሪው ጀርባ የክፍልሽን ልጅ ይመርን አገኘሁት። ካርታ ዘርግቷል፣ አጠገቡ ቆርኪ ተከምሯል። በእኛ ጊዜ ቆርኪ የተከመረበት ካርታ ካየሽ አለቀ፣ እያንዳንዱ ቆርኪ ብር ነው። ሌላ ነገር ይሆናል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

ሰዓዳ፦ ውሃ ነበር። አንዱ ቆርኪ የአንድ ፕላኔት የአንድ ቀን ውሃ ነው።

አስፋቸው፦ እሱም እንደዚያው ነበር ያለኝ። «ውሃ ነው ቲቸር» አለኝ። ያሾፈብኝ መስሎኝ በጥፊ አጮልኩት። ከዚያ አንድ ዓመት አገድኩት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሁለት ወር ሲቀረው። እናቱ ሦስት ቀን ቢሮዬ በር ላይ ተቀመጠች። በጓሮ በኩል እየወጣሁ ነበር ቤቴ የምገባው። ልጁ ከዚያ በኋላ ተመልሶ አልመጣም።

ሰዓዳ፦ አሁን ምን ተገኘና ነው?

አስፋቸው፦ ካርዷን ገልብጬ አነበብኳት። መነጽሬን አድርጌ። ለማንበብ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። «መሐንዲሷ የራሷን ጉድጓድ ትታ የጎረቤቷን ትቆፍራለች፤ ሁለቱም ይጠጣሉ» ይላል። አሁን ቁማርተኛ እንዲህ ብሎ ይጽፋል? ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፣ እህልም አይወርድልኝ።

ሰዓዳ፦ እና ጨዋታውን ገዝተው ምን ሊያደርጉት ነው?

አስፋቸው፦ ትናንት በዚህ ሳልፍ ይህቺው መሐንዲስ መስኮትሽ ላይ፣ ሳጥኑ ላይ ተስላ አየኋት። ይመር አሳተመው ማለት ነው ብዬ መንገድ ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ። ለካ አላጠፋሁትም አልኩ። ሕጉን ልማረውና ፊቱ ልቀመጥ፣ ስንጫወት ይቅርታ ልለምነው ብዬ ነው። ሽማግሌ ከመላክ ይሄ ይሻላል።

ሰዓዳ፦ ሳጥኑን ይመልሱልኝ ቲቸር።

አስፋቸው፦ ለምን?

ሰዓዳ፦ ዝም ብለው ይመልሱልኝ። አይስማማዎትም አልኩ እኮ።

አስፋቸው፦ ከፈትኩት፣ በቃ። የተከፈተ ዕቃ አይመለስም ብለሽ በር ላይ ለጥፈሻል። ቆርኪዎቹንም ሰማያዊ ቀለም ቀብታችኋቸዋል? ያምራሉ። ይህቺ ጥቁሯ ካርድ ምንድን ናት? ሥዕል የላትም።

ሰዓዳ፦ «ዝምታ» ትባላለች።

አስፋቸው፦ ምን ትሠራለች?

ሰዓዳ፦ ጠላት ሲመጣ እሷን ደፍቶ ያስቀመጠ ሰው ዙሩን ይተርፋል። ጉዳቱ በቀኙ ወዳለው ጎረቤቱ ያልፋል።

አስፋቸው፦ ጎረቤቱ ምን አጠፋና?

ሰዓዳ፦ ምንም።

አስፋቸው፦ ይሄማ ግፍ ነው! ይመር እንዲህ ያለ ሕግ ያወጣል?

ሰዓዳ፦ እሱ አይደለም ያወጣው። ድሮ አልነበረችም፤ እኔ ነኝ ኋላ የጨመርኳት።

አስፋቸው፦ አንቺ ደግሞ ከሰው ጨዋታ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገሽ?

ሰዓዳ፦ ሳጥኑ ጎን ላይ ያለውን አላነበቡትም?

አስፋቸው፦ ደቃቅ ነው እኮ። ቆይ… «ፈጠራና ሥዕል፦ ሰዓዳ መሐመድ»። ሰዓዳ?

ሰዓዳ፦ ሥዕሉ የኔ ነው። ያኔም የኔ ነበር። ያቃጠሏቸውን ካርዶች በሙሉ የሳልኳቸው እኔ ነኝ፤ ሦስት ክረምት ፈጅቶብኛል። ሕጉ ግን የይመር ነው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ለማተሚያ ቤቱ ሲሰጥ ስም አስገቢ አሉኝ። እጄ የኔን ብቻ ጻፈ።

አስፋቸው፦ ያን ቀን የት ነበርሽ?

ሰዓዳ፦ ውሃ ልጠጣ ሄጄ ነበር። ስመለስ ይመርን በጆሮው ይዘውት ሲሄዱ አየሁ። በማግስቱ ሰልፍ ላይ አንደኛ መስመር ቆሜያለሁ። እርስዎ «ከሱ ጋር የነበረ ካለ ይውጣ» አሉ። ሦስት ጊዜ አሉ።

አስፋቸው፦ አስታውሳለሁ። ማንም አልወጣም።

ሰዓዳ፦ ይመር አየኝ። በዓይኑ «እንዳትወጪ» ያለኝ መሰለኝ። ለራሴ እንደዚያ እያልኩ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት። ውሸት ነው ቲቸር። ምንም አላለኝም። ፈርቼ ነው። ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ፣ በዚያው ሳምንት ሸልመውኝ ነበር።

አስፋቸው፦ መዝገበ ቃላት።

ሰዓዳ፦ እዚያ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አለ። አንድ ቀን ገልጬው አላውቅም።

አስፋቸው፦ እሱስ ጨዋታው መታተሙን ያውቃል?

ሰዓዳ፦ እንጃ። ከዚህ ሦስት መንገድ ወረድ ብሎ ያለው ብየዳ ቤት የሱ ነው። በር፣ መስኮት፣ አጥር ይሠራል። በዚያ በኩል አላልፍም። ቤቴ በዚያ አቋራጭ አሥር ደቂቃ ነው፣ እኔ ግን በላይኛው መንገድ ዞሬ ነው የምገባው። ሲዘንብም፣ ጨለማ ሲሆንም።

አስፋቸው፦ እኔ በጓሮ በር፣ አንቺ በላይኛው መንገድ።

ሰዓዳ፦ እንደዚያ ሆነ።

አስፋቸው፦ ለመሆኑ በስንት ሰው ነው የሚጫወቱት?

ሰዓዳ፦ ከሦስት በታች አይሆንም። ሁለት ሰው ብቻውን ከሆነ ወይ ይጣላል ወይ ተስማምቶ ያልፈዋል፤ ማፈር የሚጀምረው ሦስተኛ ሰው ሲያየው ነው ይል ነበር ይመር።

አስፋቸው፦ ያችን ጥቁር ካርድ የደፋ ሰውስ? ማስተካከያ የለውም?

ሰዓዳ፦ አለው። ገልብጦ «እኔ ነበርኩ» ካለ፣ ካለው ውሃ ግማሹን ለተጎዳው ይሰጣል።

አስፋቸው፦ የገለበጠ ሰው አይተሻል?

ሰዓዳ፦ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድም ሰው። ሁሉም ማሸነፍ ነው የሚፈልገው።

አስፋቸው፦ አንቺስ?

ሰዓዳ፦ እኔ አልጫወትም። ሰው አስተምራለሁ፣ ሲጫወቱ አያለሁ፣ ሲጣሉ አስታርቃለሁ። ከዚያ ሰልፍ ወዲህ አንድ ካርድ በእጄ ይዤ ተቀምጬ አላውቅም።

አስፋቸው፦ ይስማማዎታል አይስማማዎትም እያልሽ አንድ ሰዓት ሙሉ አደረቅሽኝ፤ ለካ የማይስማማው ላንቺ ኖሯል!

ሰዓዳ፦ ያሹፉብኝ። ይገባኛል።

አስፋቸው፦ አላሾፍም ልጄ። የመታሁትም ያገድኩትም እኔ ነኝ፤ ያንን ማንም አይጋራኝም። አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ።

ሰዓዳ፦ ያኔስ ልጅ ነበርኩ እንበል። ሳጥኑ ላይ ስሜን ስጽፍ ግን ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው።

አስፋቸው፦ እንግዲያው አብረን እንሂድ። ብየዳ ቤቱ ስንት ሰዓት ይዘጋል?

ሰዓዳ፦ አሥራ ሁለት። አሁን አሥር ተኩል ነው።

አስፋቸው፦ ቢያባርረንስ?

ሰዓዳ፦ ያባርረን። መብቱ ነው።

አስፋቸው፦ እንግዲህ ሳጥኑን እኔ እይዛለሁ። ንግግሩንም እኔ እጀምራለሁ፤ በዕድሜም በጥፋትም እበልጥሻለሁ። አንቺ ከኋላዬ ሁኚ።

ሰዓዳ፦ አይሆንም ቲቸር። ከኋላ መቆሙን አሥራ አንድ ዓመት ችዬበታለሁ። ሱቁን ልቆልፍ፣ ከዚያ ጥቁሯን ካርድ ይስጡኝ፤ ፊቱ ቀድሜ የምገለብጣት እኔ ነኝ።