ሬዲዮ ዝም ያለ ሰሞን

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ በጥያቄዋ በተለየ ገጽ ተይዟል፤ በሥራ ቦታዋ «እታለም» ተብላ ትጠራለች
ዕድሜ፦ አርባ አራት
አድራሻ፦ ከቦርሳ ፋብሪካው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው የኪራይ ቤት
ሥራ፦ የሁለተኛው የስፌት መስመር አለቃ
ጉዳዩ፦ ከፋብሪካው ጎድለዋል የተባሉ ቦርሳዎች
ተጠርጣሪ፦ የፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ በቅጽል ስሙ «ሬዲዮ»
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ረፋድ ላይ

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ በገዛ እግሬ ወደ ጣቢያው መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ተጠርጣሪውን አውቀዋለሁ። ዝምድና የለንም። ጠብ አለሽ ወይ ተብዬ ለተጠየቅኩት፣ ከሰኞ ከሰዓት በኋላ እስከ ትናንት ማታ ድረስ ነበረኝ፤ ዛሬ የለኝም። እንዲህ ተብሎ እንዲጻፍ የጠየቅኩት እኔው ነኝ። ሰውየው ሬዲዮ የተባለው የግምጃ ቤቱን በር ከከፈተበት ጊዜ አንስቶ እስኪዘጋው ድረስ ስለሚያወራ ነው። ክር ልታመጣ የተላከች ሴት የአማቱን የጥርስ ሕመም ከሥሩ እስከ ጫፉ ሳትሰማ አትመለስም። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ «እባክህ ክሩን ስጠኝና ወሬውን ለነገ አሳድርልኝ» ብዬዋለሁ።

ነገሩ እንዲገባ የፋብሪካውን አሠራር መናገር አለብኝ። በእኛ ዘንድ አንድ ቦርሳ በአንድ ሰው እጅ አይሠራም። ሸራው ከግምጃ ቤት ተቆጥሮ ይወጣል፤ ቆራጮች ይቆርጡትና ወደ መስመራችን ይመጣል። አንዷ ኪሱን ትሰፋለች፣ ቀጥላ ያለችው ዚፑን ትገጥማለች፣ ሌላዋ ማንገቻውን። መጨረሻ ላይ የተቀመጠችው ዙሪያውን ትዘጋና የመስመራችን ምልክት ያለባትን ቁራጭ ጨርቅ ከውስጥ ታኖርበታለች። ያለቀው ተመልሶ ግምጃ ቤት ይገባል። አንዷ ከቆመች ሁላችንም ቆምን ማለት ነው። ዚፕ ሰፊዋ ልጇ ታሞባት ብትሄድ ከእሷ በፊት ያለችው ሥራ ይቆለልባታል፣ ከእሷ በኋላ ያለችው ደግሞ እጇን አጣጥፋ ጣሪያ ታያለች።

በአዳራሹ መግቢያ ላይ የየመስመሩ የቀን ሥራ የሚጻፍበት ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ልጅ ታመመ፣ መብራት ጠፋ፣ መርፌ ተሰበረ አያውቅም። በደህና ቀን ከተጻፈው አስበልጠን የሠራን እንደሆነ በማግስቱ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይጠብቀናል። እንደ ዕድሜ ነው፤ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በክፉ ቀን ስንጎድል ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠርታ የምትቆመው አለቃዋ ናት፤ እሷም እኔ ነኝ። ስለዚህ በደህና ቀን ትርፍ የሠራነውን ማስቀመጥ ጀመርን። ስሙን ስንቅ አልነው። አንዷ የቀረች ቀን ከስንቁ አውጥተን እንሞላለን፤ ሰሌዳውም እኛም ሰላም እንውላለን። የምናስቀምጠው ከአዳራሹ ጥግ፣ ሥራ ካቆሙት አሮጌ የስፌት መኪኖች ጀርባ፣ በሸራ ሸፍነን ነበር። አንዲት ቦርሳ ከግቢ ወጥታ አታውቅም።

ከመስመሬ ሴቶች ሌላ ስንቁን የሚያውቅ ሬዲዮ ብቻ ነበር። ሸራ ሰጪውም ቦርሳ ተቀባዩም እሱ ስለሆነ ከእሱ መሸሸግ አይቻልም። ቆጠራ ሊመጣ ሲል በመስመራችን በኩል ያልፍና «እታለም፣ እንግዳ አለብሽ» ይለኛል። እኛም ስንቁን ሙልጭ አድርገን እናስገባለን፣ ሂሳቡ ይገጥማል። ምስጢር ለሬዲዮ መስጠቴ በመስመሩ ዘንድ መሳቂያ አድርጎኝ ነው የኖረው። ኪስ ሰፊዋማ «ለሬዲዮ ከምትነግሪው በድምፅ ማጉያ ብትለፍፊው ይሻል ነበር» ትለኝ ነበር።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሥራ ስንገባ ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላኩ ቆጣሪዎች ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። መምጣታቸውን ሥራ አስኪያጁም አልሰማም ነበር። ሬዲዮን በዓይን እንኳ ሳላገኘው ይዘውት ገቡ። ከምሳ በኋላ፣ ከወጣው ሸራ አንጻር የገባው ቦርሳ በብዙ ይጎድላል ተባለ። ሬዲዮ በፖሊስ ተወሰደ፣ ግምጃ ቤቱም ታሸገ። የጎደለው የእኛ ስንቅ መሆኑን ስለማውቅ ብዙም አልደነገጥኩም። ሥራ አስኪያጁን ይዤ ሄጄ ሸራውን ገልጬ «ይኸውልዎ» ልል ነበር። ደግነቱ አስቀድሜ ብቻዬን ሄድኩ። ሸራውን ስገልጠው ከሥሩ እርጥብ ወለል ብቻ ነው ያገኘሁት።

ቦታውን ከእኛ ሌላ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። የሆዴን አምኜ የሰጠሁት ሰው አፈ ቅቤ ሆደ ጩቤ ሆነብኝ። አፍ አውጥቼ እንዳልናገር ደግሞ፣ ቦርሳው በሌለበት «ደብቀነው ነበር» ማለት የመስመሬን ሴቶች በሙሉ በገዛ እጄ ወደዚህ ጣቢያ ማምጣት ነው። ሁሉም በዚያች የስፌት ወንበር የዕለት እንጀራቸውን የሚያገኙ ናቸው። ዝም ብዬ ሬዲዮን ስረግመው ሰነበትኩ። ማክሰኞ መስመሩ ተሠራ ከሚባል ተጎተተ ቢባል ይቀላል። ስፌቱ ሲጣመም፣ መርፌው ሲሰበር ዋለ፤ የምንሞላበት ስንቅም የለም።

ትናንት ረቡዕ ከሥራ ስንወጣ የሬዲዮ ሚስት በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ አገኘኋት። ምግብ ልታደርስለት ጣቢያ ደርሳ መመለሷ ነው። አንገቴን ደፍቼ አልፌያት ልሄድ ነበር፤ እጄን ያዘችኝ። «እታለም፣ ሰውዬው አእምሮው ሳይነካ አልቀረም» አለችኝ። «ያ ወሬኛ ሰው፣ መርማሪው ምን ቢለው ‹አላውቅም› ብቻ ነው አሉኝ። ለእኔም ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ እንኳ ሳይል ‹ለእታለም ጣሪያው ያፈሳል ብለሽ ንገሪልኝ› አለኝ። የእኛ ጣሪያ እኮ አያፈስም! ባለፈው ዓመት ነው የቀየርነው!»

እርጥቡ ወለል ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ቅዳሜ እኛ ከወጣን በኋላ ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ያ ጥግ ደግሞ ሲዘንብ ያፈሳል። ሬዲዮ ግምጃ ቤቱን ሊዘጋ ሲል አይቶ ስንቃችን እንዳይበላሽ አንስቶታል። ሰኞ ጠዋት ሊነግረኝ አስቦ ነበር፤ ቆጣሪዎቹ ቀደሙት። በቁጥጥር ሥር ሆኖ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ይፈታ ነበር። ግን ያቺ ቃል እኛን ታስይዛለች ብሎ ፈርቶ ዋጣት። መንገድ ላይ ቆሜ ሚስቱን አቅፌ አለቀስኩ፤ እሷም ለምን እንደማለቅስ ሳታውቅ አብራኝ አለቀሰች። የረገምኩትን ሁሉ በልቤ መልሼ ዋጥኩ።

ወዴት ሊያነሳው እንደሚችል ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። በግምጃ ቤቱ ውስጥ በሽቦ የታጠረ የብልሽት ክፍል አለ። ስፌቱ የተጣመመ፣ ሸራው የተቀደደ ዕቃ እስኪጠገን የሚቆይበት ነው። ቆጣሪዎች የሚቆጥሩት ደህናውን ዕቃ ብቻ ነው፤ ብልሽቱን ጥራት ተቆጣጣሪዎች በወሩ መጨረሻ ያዩታል። ስለዚህ ሰኞ ዕለት ያንን ሽቦ በር የከፈተ አልነበረም።

ዛሬ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለመስመሬ ሴቶች ነገርኳቸው። እናገራለሁ፣ ቢያባርሩኝም እኔን ያባርሩ አልኩ። ኪስ ሰፊዋ «ሬዲዮ ዝም ካለ እኛ ብንናገር ምን አለበት» አለችና ሁሉም ተከተሉኝ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስንገባ የምንጣላ መስሎት ከወንበሩ ተነሳ። ከጣቢያው መርማሪው ተጠርተው፣ እሽጉ በእሳቸው ፊት ተነሳ። የብልሽት ክፍሉ ሲከፈት ቦርሳዎቹ በሙሉ ከመሬት ከፍ ብለው፣ እንጨት ርብራብ ላይ፣ በላስቲክ ተጠቅልለው ተደርድረዋል። አንድም አልራሰም። ከፍተን ባየናቸው ውስጥ የመስመራችን ጨርቅ አለ። ሲቆጠሩ ጎደለ ከተባለው በአንድ በለጡ፤ መርማሪው ፊታቸው ተለወጠ። ኋላ ስናየው አንዱ ዚፑ ተገልብጦ የተሰፋ፣ ከሦስተኛው መስመር የመጣ እውነተኛ ብልሽት ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ የሳቁት መርማሪው ናቸው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሥራ አስኪያጁ ለምን እንደምናስቀምጥ ጠየቀኝ፤ ከላይ የተናገርኩትን ነገርኩት። ካርቶን ላይ ቁጭ አለ። «ታዲያ ሌባ እያልኩ ስፈልግ የሰነበትኩት የእናንተኑ ትርፍ ሥራ ኖሯል?» አለ። እኔም አዎ አልኩት። ማንንም እንደማያባርር፣ አቤቱታውን እንደሚያነሳ፣ ስለ ሰሌዳውም ከየመስመሩ አለቆች ጋር ቁጭ ብሎ እንደሚመክር በሁላችን ፊት ተናግሯል። ስለ ሰሌዳው የማምነው ሳየው ነው። ሌላውን ግን አምኜ ተቀብያለሁ።

ተጠርጣሪው ከፋብሪካው የወሰደው ነገር የለም፤ ያዳነው እንጂ። የማውቀው ይህ ነው። ያየሁትን እንዳየሁ፣ የሰማሁትን እንደሰማሁ፣ ሳልጨምርና ሳልቀንስ ተናግሬያለሁ፤ ተነብቦልኝም ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ።

የቃል ተቀባዩ ማስታወሻ፦ ለምስክሯ ቃሏ እየተነበበላት ሳለ፣ የመፈቻ ትእዛዙ ደርሶት ኮሪደሩ ላይ ሚስቱን ይጠብቅ የነበረው ተጠርጣሪ ለተረኛው ጠባቂ ስለ አማቱ ጥርስ ጮክ ብሎ ማውራት በመጀመሩ ንባቡ ሁለት ጊዜ ተቋርጧል። ዝም እንዲል ሊነገረው ሲል ምስክሯ እንባዋን እየጠረገች «ተዉት ያውራ፤ የፈለገውን ያህል ያውራ» ብላለች። ይህም በጥያቄዋ መሠረት ከቃሏ ጋር ተመዝግቧል።

የምስክሯ ፊርማ ____________
የቃል ተቀባዩ ፊርማ ____________